የመጀመሪያ የስኩባ ዕቃችሁን ስትገዙ ከፊታችሁ ጀምሩ

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከረሆቦት ደወለችልኝ። እዚህ ኢላት፣ የእስራኤል የቀይ ባሕር ከተማ፣ መጥታ የስኩባ፣ ማለት አየር በሲሊንደር ይዞ ባሕር ውስጥ የመጥለቅ፣ ኮርሷን ጨርሳ ከተመለሰች ገና አሥር ቀኗ ነው። «እታለም፣ ሱቅ ውስጥ ነኝ። ሙሉውን ዕቃ አንድ ላይ ከገዛሽ ቅናሽ አለው እያሉኝ ነው። ልግዛው?» አለችኝ። «ምንም እንዳትገዢ! መጀመሪያ ከሱቁ ውጪና ደውይልኝ» አልኳት።

ኢላት ስኖር ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሆቴል ውስጥ እሠራለሁ፣ በዕረፍት ቀኔ ባሕር እገባለሁ። ስጀምር ይህን ነገር በአማርኛ የሚያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ለእሷ በስልክ የነገርኳትን እዚህ የምጽፈው ለዚያ ነው።

የእኔ ምክር ሰውነታችሁን የሚነካውን ዕቃ አስቀድማችሁ ግዙ፣ ሌላውን ተከራዩ የሚል ነው። የሚነካው ካልተስማማችሁ ሌላው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን አይረዳችሁም። ይህን የተማርኩት አልቅሼ ነው። ኮርሱን የወሰድኩት በኪራይ ማስክ፣ ማለት ዓይንና አፍንጫ በሚሸፍነው የመጥለቂያ መነጽር፣ ነበር። ስድስት ሜትር ላይ ውሃ እየገባ ዓይኔን ይለበልበኛል። የቀይ ባሕር ውሃ ደግሞ ከብዙ ባሕር ይልቅ ጨዋማ ነው፤ እዚህ ከመቶ አራት እጅ ያህሉ ጨው ነው። በየደቂቃው በአፍንጫዬ እየተነፈስኩ ውሃውን ሳስወጣ አየሬ ያልቃል። ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም ብዬ ልተወው ነበር። በመጨረሻው ቀን አስተማሪዬ የራሷን ማስክ አውልቃ ሰጠችኝ። አንድ ጠብታ አልገባም። ያኔ ነው ኪራዩ ማስክ ለሰፊ ፊት የተሠራ መሆኑን ያወቅኩት።

ስለዚህ ሱቅ ሄዳችሁ በእጃችሁ ሞክሩ። የማስኩን ማሰሪያ ከራሳችሁ ኋላ አታድርጉት። ማስኩን ብቻ ፊታችሁ ላይ አስቀምጡና በአፍንጫችሁ ቀስ ብላችሁ አየር ሳቡ። ትንፋሻችሁን ይዛችሁ እጃችሁን ልቀቁት። ሳይወድቅ ከቆየ ጥሩ ነው። ይህ ግን አይበቃም። ባለሱቁን የሬጉሌተር፣ ማለት ከሲሊንደሩ አየር የምንተነፍስበት ዕቃ፣ አፍ ማስገቢያ ለምኑትና አፋችሁ ውስጥ ይዛችሁ ድገሙት። አፍ ሲከፈት ጉንጭ ይለወጣል፣ ውሃ የሚገባውም ያን ጊዜ ነው። አፍንጫችሁን ከውጭ በሁለት ጣት መያዝ መቻላችሁንም እዩ፤ ስትወርዱ በግፊት የሚደፈነውን ጆሯችሁን የምትከፍቱት እንደዚያ ነው። የመዋኛ ገንዳ መነጽር በምንም መንገድ አይሆንም። አፍንጫ ውጭ ስለሚቀር በውስጡ ያለውን ግፊት ማስተካከል አትችሉም፣ ዓይናችሁን ይጎዳል። ጎማው ሲሊኮን፣ መስታወቱ ደግሞ ቴምፐርድ የተባለው ጠንካራው ይሁን። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ በልካችሁ መስታወት የሚቀየርላቸው ማስኮች አሉ።

ለሴቶች አንድ ነገር ልጨምር፣ የሚነግራችሁ የለምና። ሹሩባ የተሠራችሁ እንደሆነ ግንባር ላይ ያለው ጉንጉን ከሲሊኮኑ ሥር እንዳይገባ ተጠንቀቁ። አንድ ቀጭን ጉንጉን ውሃውን እንደ ቦይ ይመራዋል። ጎማው ማሰሪያም ፀጉር ይነጫል፤ በጨርቅ ወይም በኒዮፕሪን፣ ማለት የመጥለቂያ ልብስ በሚሠራበት ለስላሳ ጎማ፣ የተሸፈነ ማሰሪያ ለብቻው ይሸጣል፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ወንዶች ደግሞ ጢማችሁ ያው ችግር አለው።

አዲስ ማስክ ከፋብሪካ ሲወጣ መስታወቱ ላይ የማይታይ ስስ ሽፋን አለው፣ ያ ነው ጉም የሚያስይዘው። በነጭ የጥርስ ሳሙና፣ ጄል ባልሆነው፣ በጣታችሁ ከውስጥ በኩል ፈትጉት። አንዴ አይበቃም፤ አራት አምስት ጊዜ።

ከፊት ቀጥሎ እግር ነው። እዚህ ኢላት ብዙ ጊዜ ከባሕሩ ዳር በእግራችን እየተራመድን ነው የምንገባው። ዳሩ ጠጠር ነው፣ ትንሽ ገባ ሲባል ደግሞ ረጃጅም ጥቁር እሾህ ያለው የባሕር ጃርት አለ። እሾሁ ሥጋ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ስለዚህ ወፍራም ሶል ያለው የኒዮፕሪን ቡትስ ያስፈልጋል፣ ፊኑም፣ ማለት እግር ላይ የሚደረገው መቅዘፊያ፣ ተረከዙ ክፍት የሆነው ዓይነት ይሁን። ቡትሱን ሳታደርጉ ፊን አትለኩ። በጣም ደረቅና ረጅም ፊን ለጀማሪ ባት ያኮማትራል፤ መካከለኛ ልስላሴ ያለውን ምረጡ። ማሰሪያው ከላስቲክ ይልቅ የብረት ስፕሪንግ ቢሆን ማድረግና ማውለቁ ይቀላል።

ሦስተኛው ስትጠልቁ እጃችሁ ላይ የምታስሩት ዳይቭ ኮምፒውተር ነው፣ በዚህ ላይ አልደራደርም። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ሰውነታችን ከምንተነፍሰው አየር ናይትሮጅን ይቀበላል፤ ፈጥነን ከወጣን አረፋ ሆኖ ይጎዳናል። በየአሥሩ ሜትር ግፊቱ በአንድ ባር ይጨምራል። ኮምፒውተሩ በዚያ ጥልቀት ስንት ደቂቃ እንደቀራችሁ ይነግራችኋል፣ ፈጥናችሁ ስትወጡም ይጮኻል። በደቂቃ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው የሚፈለገው ፍጥነት፤ ያ ደግሞ ከምትገምቱት በላይ ዝግ ያለ ነው። የጓደኛዬን ኮምፒውተር እያየሁ እጠልቃለሁ የሚሉ አሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። እሱ ሦስት ሜትር ከላያችሁ ከሆነ ቁጥሩ የእሱ እንጂ የእናንተ አይደለም። ውድ መሆን የለበትም። ቁጥሩ ትልቅ፣ ባትሪው ራሳችሁ የምትቀይሩት፣ ናይትሮክስ፣ ማለት ኦክስጅኑ የበዛ የመጥለቂያ አየር፣ የሚቀበል ቀላል የእጅ ኮምፒውተር ይበቃል። ከፍ ያለ ቦታ ማስተካከያ ያለው መሆኑንም ጠይቁ። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፤ እንዲህ ያለ ሐይቅ ውስጥ የሚጠልቅ ሰው በባሕር ወለል ሒሳብ መሄድ አይችልም። ጅቡቲ ጠልቃችሁ ወደ አዲስ አበባ የምትመለሱም ቢሆን ኮምፒውተሩ ከመብረራችሁ በፊት ስንት ሰዓት መጠበቅ እንዳለባችሁ ያሳያችኋል።

ዌትሱት፣ ማለት ሙቀት የሚጠብቀውን የመጥለቂያ ልብስ፣ ቀስ ብላችሁ ግዙ። የኢላት ውሃ በብርዱ ወራት 21 ዲግሪ ገደማ ነው፣ በሙቀቱ ወራት 27 ይደርሳል። ባለ 5 ሚሊሜትሩ ለአብዛኛው ዓመት ይሆናል። በብርዱ ወራት ከሥሩ ኮፍያ ያለው ሰደርያ እጨምራለሁ። ኒዮፕሪን ውስጥ ያሉት ትንንሽ የአየር አረፋዎች በጥልቀት ስለሚጨመቁ ልብሱ ከታች እየሳሳ ይሄዳል፣ ላይ የሞቃችሁ ታች ይበርዳችኋል። ስትለኩት ወገባችሁ ጋ ክፍተት ካለ ተዉት፤ ውሃው እዚያ እየገባ እየወጣ ሙቀታችሁን ይወስዳል። ከውሃ ስትወጡ የሚመታችሁ የሰሜን ነፋስ ከባሕሩ ይልቅ ያንቀጠቅጣልና ንፋስ መከላከያ ጃኬት አትርሱ።

ሬጉሌተሩንና ቢሲዲውን፣ ማለት አየር የሚሞላውን ጃኬት፣ ቢያንስ 20 ጊዜ እስክትጠልቁ ተከራዩ። እዚህ ክለቦች ውስጥ በዕብራይስጥ «ቬሰት» እና «መአዜን» ሲሉ ከሰማችሁ እነዚህን ነው። በየጊዜው የተለያየ ዓይነት ሞክሩ፣ የወደዳችሁትን ጻፉ። ቢሲዲ ሲሞላ ጎድን መጭመቅ የለበትም፣ ሲተነፍስም ወደ ላይ መንሸራተት የለበትም። ያገለገለ ከሆነ በአየር ሞልታችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ከላላ አትግዙት።

ሬጉሌተር ላይ ከብራንዱ በፊት ጠይቁ፦ የምኖርበት ከተማ ይህን የሚፈታና መለዋወጫ ያለው ሰው አለ? በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መፈተሽ አለበት። ከውጭ አገር በርካሽ ተገዝቶ የሚጠግነው ያጣ ሬጉሌተር ቁም ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ሲሊንደሩ ላይ የሚገጠምበት መንገድም ሁለት ዓይነት ነው፤ ዲን እንደ ብሎን ይጠመዘዛል፣ ዮክ ከላይ ይታሰራል። ዲኑን ገዝታችሁ ማቀያየሪያ ብትይዙ ሁለቱም ቦታ ይሠራላችኋል።

ብርቱካናማውን የውሃ ላይ ምልክት ፊኛ ከነገመዱ ግዙ። ኢላት ላይ ጀልባ ይበዛል፣ ከመውጣታችሁ በፊት መኖራችሁ መታየት አለበት። ጓንት አትግዙ። ኮራሉ፣ ማለት ድንጋይ የሚመስለው ሕይወት ያለው የባሕር ፍጥረት፣ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ጓንት ደግሞ እጅን ያደፋፍራል። የአየር ሲሊንደርና ለመስጠም የሚታሰረውን የእርሳስ ብረት ክለቡ ይሰጣችኋል።

እስራኤል ላሉት፣ ለዕቃ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ለኢንሹራንሱ አስቀምጡ። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕግ አለ፣ ያለ ኢንሹራንስ አትጠልቁም። ስድስት ወር ካልጠለቃችሁም መጀመሪያ ከአስተማሪ ጋር ማደሻ ዳይቭ ያስፈልጋችኋል።

ከእያንዳንዱ ዳይቭ በኋላ ሁሉንም በንጹሕ ውሃ እጠቡ። ሬጉሌተሩን ስታጥቡ የአቧራ መክደኛው መዘጋቱን ሁለት ጊዜ እዩ፣ አፍ የሚይዘው ክፍል ላይ ያለውን የመሃል ቁልፍም አትጫኑ፤ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል።

የአክስቴ ልጅ ማታ መልሳ ደወለችልኝ። ማስክ፣ ቡትስና ፊን ገዝታለች፣ ለኮምፒውተሩ እያጠራቀመች ነው። ሱቁ ውስጥ ሰባት ማስክ ለካች፣ ሰባተኛው ፊቷ ላይ ቀረ። ስናወራ ውሃ ሲፈስ ይሰማኛል። «በጥርስ ሳሙናው እየፈተግኩት ነው፣ ይኸው ሦስተኛዬ» አለች። ሁለት ጊዜ ድገሚ አልኳት።