በሌጎ ለተሠራ ቤተ ጊዮርጊስ መብራት እንዴት ይገጠማል?

አምና ገና ሲቃረብ፣ ደሴ፣ እናቴ ቤት፣ የእህቴ ልጅ የሌጎ ክምሩን ምንጣፉ ላይ ዘረገፈና «ጋሼ፣ ላሊበላን እንሥራ» አለኝ። ቡናማ ጡብ ስለበዛን ቤተ ጊዮርጊስን መረጥን። በሦስት ቀን ቆመ። ልጁ በአንዱ መስኮት አጮልቆ አየና «ውስጡ ጨለማ ነው» አለ።

እውነቱን ነው። ስለዚህ ግማሹን አፈረስነው። መብራት የሚገባው ግድግዳው ገና ሲወጣ ነው፤ ጣሪያው ከተደፋ በኋላ ጣትም ወረንጦም አይደርስም። ይህን ቀድማችሁ ካወቃችሁ እኔ ያቃጠልኳቸው ሁለት ምሽቶች ይተርፏችኋል።

መጀመሪያ መስኮት ቁጠሩ። ቤተ ጊዮርጊስ በመስቀል ቅርጽ ስለተፈለፈለ አራት ክንፍ አለው። እያንዳንዱ ክንፍ ሦስት ፊት አለው፤ በድምሩ 12። ላይኛው ረድፍ ላይ 12 መስኮት አለ፣ ለየፊቱ አንድ። ታች ደግሞ 9 መስኮትና 3 በር። ታችኞቹ 9 መስኮቶች ግን ድፍን ናቸው፤ የመስኮት ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል እንጂ አልተከፈቱም። እኔ ይህን ሳላስተውል ሁሉንም ከፍቼ ነበር። በኋላ ፎቶ ሳይ አፈርኩ። እናንተ የታችኞቹን በጡብ ድፈኗቸው። ያኔ ሥራውም ይቀላል፦ በአንድ ክንፍ ውስጥ አንድ መብራት ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ሦስቱንም የላይ መስኮት ያበራል። አራት መብራት በቃ።

የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦ ባለ 3 ሚሊሜትር ኤልኢዲ (ባለ ሁለት እግሯ ትንሽ አምፖል) አራት፣ 470 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን መጠን የሚገድበው ዕቃ) አራት፣ ቀጭን ሽቦ፣ ናስትሮ፣ ወረንጦ፣ ምላጭና የማትፈልጉት የዩኤስቢ ገመድ። የሬዚስተሩን መጠን በቀለሙ ታውቁታላችሁ፤ ባለ አራት መስመሩ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ ሆኖ ይጀምራል። ሽቦውን ሞባይል ጠጋኞችን ጠይቁ። «ጀምፐር» የሚሉት፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ቫርኒሽ የተቀባ መዳብ አላቸው።

ኤልኢዲው ቢጫ የሚያደላው፣ ሞቅ ያለው ነጭ ይሁን። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን ነበር። ሲበራ ቤተ ክርስቲያኑ ፋርማሲ መሰለ። ሞቅ ያለው ግን የጧፍ መልክ አለው።

ሬዚስተሩን አትዝለሉት። ነጭ ኤልኢዲ የሚፈልገው ወደ 3 ቮልት ነው፤ ዩኤስቢ የሚሰጠው 5 ነው። የተረፈውን 2 ቮልት የሚይዘው ሬዚስተሩ ነው። ያለ እሱ ኤልኢዲው ለአፍታ ቦግ ይልና ይቃጠላል። በ470 ኦም ወደ 4 ሚሊአምፔር ብቻ ያልፋል። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ክፍል ይህ በቂ ነው፤ እንዲያውም 1000 ኦም ብታደርጉ ይበልጥ ያምራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ብርሃን በማብዛት ነው።

አሁን ብየዳ። የኤልኢዲው ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው። ሬዚስተሩን እሱ ላይ በይዱ። ከዚያ ለየእግሩ አንድ አንድ ሽቦ፣ 40 ሳንቲሜትር ያህል። የሽቦውን ጫፍ መጀመሪያ በምላጭ ፋቁት፤ ቫርኒሹ ካልተነሳ ብየዳው የያዘ ይመስላል እንጂ መብራት አያልፍም። የተበየደውን ሁሉ በናስትሮ ጠቅልሉ። ይህን ሥራ ከሌጎው ራቅ ብላችሁ ሥሩ። ጡቡ የተሠራበት ፕላስቲክ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ የመበየጃው ካውያ ደግሞ ከ300 በላይ ይግላል። እኛ ቤት አንድ ጥግ የቀለጠች ጡብ አለች፤ ልጁ እስካሁን ይቅር አላለኝም። ብየዳ የማትችሉ ከሆነ አንዱ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ውሰዱት፤ ለእሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ዋናው ጥበብ ሽቦውን መደበቅ ነው። የሌጎ ጡብ ላይ ያሉትን ክብ ጉብታዎች እዩ። የአንዱ ስፋት 4.8 ሚሊሜትር ነው፤ ከአንዱ መሀል እስከ ሌላው መሀል 8። በሁለቱ መካከል 3.2 ሚሊሜትር መንገድ ይተርፋል። ሽቦው የሚተኛው በዚህ መንገድ ነው። ጉብታው አናት ላይ ከወጣ ጡቡ አይገጥምም፤ በግድ ስትጫኑትም ሽቦው ይበጠሳል። በወረንጦ ይዛችሁ በሁለት ረድፍ መካከል አስተኙት፣ ጫፉን በጣታችሁ ያዙ፣ የላይኛውን ጡብ ቀስ ብላችሁ ጫኑ። «ቀጭ» ካለ ገብቷል። አንድ ጫፉ ከፍ ብሎ ከቀረ አንሱትና እንደገና ሞክሩ። ሁለቱን ሽቦ በአንድ መንገድ አትስደዱ፤ ቫርኒሹ ከተላጠ ይነካካሉ። አንድ ረድፍ ዝለሉ።

የእኛው 24 ጉብታ በ24 ጉብታ ነው፣ 19 ሳንቲሜትር ያህል። ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች ተቆፍሮ የወጣ ስለሆነ ዙሪያውን የጉድጓድ ግድግዳ አቆምንለት። ይህ ለሽቦ ሥራ ትልቅ ውለታ ነው፤ ሁሉም ሽቦ በጉድጓዱ ወለል ሥር ሄዶ በጀርባ በኩል ይወጣል፣ ከፊት የሚያይ ሰው ምንም አያይም።

ስምንቱ ጫፎች ሲወጡ ፖዘቲቮቹን አንድ ላይ፣ ነጌቲቮቹን አንድ ላይ ጠምዝዙ። የዩኤስቢውን ገመድ ቁረጡት። ብዙውን ጊዜ ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ነጌቲቭ ነው። ነጭና አረንጓዴ ካገኛችሁ ለየብቻ በናስትሮ ሸፍኗቸው። በስልክ ቻርጀር ይሠራል። በፓወር ባንክ ግን አንዳንዱ የሚሳበው ኤሌክትሪክ ስላነሰበት ራሱን ያጠፋል፤ መብራታችሁ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ። መብራት ለሚጠፋበት ምሽት ሦስት የእስክሪብቶ ባትሪ ድንጋይ በተርታ አያይዙ፣ 4.5 ቮልት ይሆናል። ከመቶ ሰዓት በላይ ያበራል። በቀጥታ ከግድግዳው 220 ቮልት ጋር ማገናኘት ግን በቀልድም አይሞከርም። ሳንቲም የሚመስለውን ባትሪም ሕፃን ካለበት ቤት አርቁ። ልጅ ከዋጠው ጉሮሮውን ስለሚያቃጥል በፍጥነት ሐኪም ቤት ነው።

ጣሪያውን ከመድፋታችሁ በፊት ክፍሉን አጨልማችሁ አብሩት። ያኔ ጉዱ ይወጣል። ቀለሙ የሳሳ ጡብ ብርሃን ያሳልፋል፤ ግድግዳው ራሱ እንደ ፋኖስ ይበራል። እኛ ከውስጥ በኩል ጥቁር ናስትሮ ለጠፍንበት። በየመስኮቱ ጀርባ ደግሞ ቁራጭ ሶፍት፤ አለዚያ ኤልኢዲው ራሱ እንደ ነጥብ አፍጥጦ ይታያል።

የአራቱን ክንፍ ጣሪያ ለየብቻ የሚነሳ አድርጉት፣ አንዱ ኤልኢዲ ሲቃጠል ሙሉውን እንዳታፈርሱ። አንድ ጥንድ ትርፍ ሽቦም ወለሉ ሥር ተዉ። የእኛው ልጅ አሁን በምዕራብ ያሉት ሦስቱ በሮች ይከፈቱና ይብሩ እያለ ነው፤ ትርፍ ሽቦ ስላልተውኩ ወለሉን ልናነሳ ነው።