የክላሲክ ሮክና ፎክ ሳምንት ልትይዙ ካሰባችሁ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

የድሮ ሮክና ፎክ (ከሕዝብ ዘፈን የመጣ፣ ብዙ ጊዜ በጊታር የሚዘፈን ሙዚቃ) አልበሞችን ሳምንቱን ሙሉ ልስማ ብሎ የተነሳ ሰው ሳገኝ በጣም ነው ደስ የሚለኝ፣ ግን ብዙው ሰው ገና ማክሰኞ ላይ ይሰለቸውና ይተወዋል፣ ችግሩ ደግሞ ሙዚቃው ሳይሆን አሰማሙ ነው።

ትልቁ ስህተት ሼፍል ነው፣ አፑ ዘፈኖቹን ቅደም ተከተላቸውን ቀላቅሎ እንዲያጫውት ማድረግ ማለት ነው። የፒንክ ፍሎይድን ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን (1973) ውሰዱ፣ 43 ደቂቃ ገደማ ነው፣ በልብ ምት ይጀምራል በልብ ምት ያልቃል፣ መሀል ላይ ያሉት ዘፈኖችም አንዱ ከሌላው ውስጥ እየወጣ ነው የሚሄዱት፣ እና ይሄንን በሼፍል ስትሰሙት መግቢያና መውጫ የሌለው ቁርጥራጭ ነው የሚሆንባችሁ። የቢትልስ አቢ ሮድ (1969) ሸክላ ሁለተኛው ገጽም እንደዛው ነው፣ አጫጭር ዘፈኖች ተያይዘው ነው የሚፈሱት። ስለዚህ ሼፍሉን አጥፉ፣ መሀል ላይ ማስታወቂያ የሚያስገባ አፕ ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ ፈልጉ።

ሁለተኛው፣ ሸክላ መሆኑን መርሳት። እነዚህ አልበሞች የተሰሩት በአንድ ገጽ 20 ደቂቃ አካባቢ ለሚይዝ ሸክላ ነው፣ ካሴት እየገለበጠ ያደገ ሰው ቶሎ ይገባዋል። የቦብ ዲላን ብሪንጊንግ ኢት ኦል ባክ ሆም (1965) አንደኛው ገጽ ከባንድ ጋር ኤሌክትሪክ ነው፣ ሁለተኛው በአብዛኛው አኮስቲክ (ያለ ኤሌክትሪክ የሚጫወት) ጊታርና ሃርሞኒካ ነው፣ ሳታቋርጡ ከሰማችሁት ሰውዬው መሀል ላይ ሀሳቡን የቀየረ ነው የሚመስለው። እዛ ጋ አቁሙ፣ ተነሱ፣ ቡና አፍሉ፣ ከዛ ቀጥሉ።

ሌላው ሰኞ የሮክ፣ ማክሰኞ የፎክ ብሎ መከፋፈል ነው፣ ይሄ በጣም ያናድደኛል ምክንያቱም ሁለቱ ያኔም ይቀላቀሉ ነበር። የሁለቱ ዘፋኞች የሳይመንና ጋርፋንከል ዘፈን ዘ ሳውንድ ኦፍ ሳይለንስ በ1964 ሲወጣ አኮስቲክ ነበር፣ በ1965 ፕሮዲውሰሩ ቶም ዊልሰን ሳይነግራቸው ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝና ድራም ጨመረበትና በ1966 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሆነ። ዘፋኟ ሳንዲ ዴኒ ደግሞ ከፌርፖርት ኮንቬንሽን ባንድ ጋር በሊጅ ኤንድ ሊፍ አልበም (1969) የጥንት የእንግሊዝ ባላዶችን (ታሪክ የሚተርኩ ዘፈኖችን) በኤሌክትሪክ ጊታርና በድራም ዘፈነች፣ በ1971 እሷው ራሷ በሮክ ባንዱ ሌድ ዜፕሊን አራተኛ አልበም ላይ ከባንዱ ዘፋኝ ከሮበርት ፕላንት ጋር እየተቀባበለች ዘፍናለች። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ቀን ስሟቸው፣ ጠዋት አንዱን ማታ ሌላውን።

ፎክ ጸጥ ያለ ስለሆነ ከጀርባ ይጫወት ማለትም ስህተት ነው። የኒክ ድሬክ ፒንክ ሙን (1972) 28 ደቂቃ ነው፣ እሱና ጊታሩ፣ በርዕሱ ዘፈን ላይ ብቻ ትንሽ ፒያኖ አለ። በህይወት እያለ ብዙ ሰው አልሰማውም፣ በ1974 በ26 ዓመቱ ነው ያረፈው። ሰሃን እያጠባችሁ ከሆነ ምንም አይያዝላችሁም፣ ኸድፎን አድርጉና ቁጭ በሉ።

ዴሉክስ የሚባለውን፣ ተጨማሪ ቅጂዎች የታከሉበትን እትምም ለመጀመሪያ ጊዜ አትስሙ። የጆኒ ሚቼል ብሉ (1971) 10 ዘፈን ነው፣ አስረኛው ላይ ማለቅ አለበት፣ ከሱ በኋላ የሙከራ ቅጂ ሲደረደርበት መጨረሻው ይጠፋል።

እና በቀን ሦስት አራት አልበም አትደራርቡ። አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። እሁድ ደግሞ አዲስ ነገር አትጀምሩ፣ ከሳምንቱ ውስጥ ጭራሽ ያልገባችሁን አልበም፣ የዲላን ድምፅ አልጥም ብሏችሁም ከሆነ እሱኑ፣ ግጥሙን ከፊታችሁ አድርጋችሁ እንደገና ከመጀመሪያው ስሙት።