አሮጌ ሞርሳ እንዴት ይመረጣል፣ ይነጻጸራል፣ ይጠገናል

ብረት ለሚያበጅም ሆነ እንጨት ለሚሠራ ሰው፣ ሌላው ቀርቶ ብስክሌቱን በቤቱ ለሚጠግን ሰው፣ የሚሠራውን ዕቃ በሁለት መንጋጋዎቹ መካከል ጨምቆ የሚይዝለት ጥሩ ሞርሳ የዕድሜ ልክ መሣሪያ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ ወይም በአሜሪካ የተሠሩ ሞርሳዎች በአግባቡ ከታደሱ ዛሬም ሙሉ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ምክንያቱም አካላቸው ጥቂትና ግልጽ ነው። አንድ ቋሚ መንጋጋ፣ በመንገዱ ላይ የሚንሸራተት አንድ ተንቀሳቃሽ መንጋጋ፣ ወፍራም ባለ ጥርስ ዘንግ፣ ዘንጉ የሚገባበት ዳዶ፣ ማዞሪያ እጀታና በመንጋጋዎቹ ፊት ላይ የሚታሰሩ ሁለት የብረት ፊቶች ናቸው። አሮጌ ሞርሳ ለማሰባሰብ የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት በሥራ ብዛት ያለቀውንና የተሰነጠቀውን ነው። ያለቀ ዳዶም ሆነ የተበላ የመንጋጋ ፊት ይተካል፤ የተሰነጠቀ ዋና አካል ግን ቢጠገንም የቀድሞ ጉልበቱን እንደሚመልስ ዋስትና የለም። በመሆኑም የጥገናው ትልቁ ክፍል ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት የሚደረገው ምርመራ ነው።

የሞርሳው ዓይነትና ሠሪው

ማነጻጸር የሚጀመረው ከስፋት ነው። የሞርሳ መጠን የሚነገረው በመንጋጋው ስፋት ሲሆን በአሮጌዎቹ ላይ ልኩ በኢንች ነው፤ ለቤት ሥራ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ይበቃል። ክብደትን ማነጻጸር ትርጉም የሚኖረው ተመሳሳይ የመንጋጋ ስፋት ባላቸው ሞርሳዎች መካከል ብቻ ነው።

ከስፋት ቀጥሎ የሚመጣው የብረቱ ዓይነት ነው። አብዛኞቹ አሮጌ ሞርሳዎች ከካስት አይረን፣ ማለትም ቀልጦ በሻጋታ ውስጥ ከፈሰሰ ብረት የተሠሩ ናቸው። በተራው ካስት አይረን ውስጥ ያለው ካርቦን እንደ ቅርፊት ስስ ሆኖ ስለሚሰራጭ ብረቱ ጫናን በደንብ ይሸከማል እንጂ ሲመታ ወይም ሲታጠፍ ሳይለመጥ ይሰበራል። ካርቦኑ በጥቃቅን ድቡልቡል ቅርጽ የሚቀመጥበትና ስብራትን እጅግ የሚቋቋመው ዓይነት፣ ዳክታይል አይረን የሚባለው፣ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካዊው የብረታ ብረት ተመራማሪ ኪት ሚሊስ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራን ሞርሳ ሻጩ በዚህ ስም ቢያወድሰው መቀበል አይገባም። ከዚህ ሁሉ የተለየው ተቀጥቅጦ ከተሠራ ስቲል የሚወጣው የጀርመኑ ሆየር ነው፤ ምት የበዛበት ሥራ ላለው ሰው እርሱን የሚያህል የጠረጴዛ ሞርሳ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከእንግሊዞቹ መካከል በሰፊው የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1898 በሼፊልድ የተቋቋመው የሲ ኤንድ ጄ ሃምፕተን ኩባንያ በሬከርድ ስም ያወጣቸው ሰማያዊ ሞርሳዎች ናቸው። የሬከርድ ቁጥር 3 መንጋጋው 4 ኢንች ሲሆን፣ በብዛት ስለተሠራ መለዋወጫው ከሌሎቹ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል፤ ለጀማሪ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረውም እርሱን ነው። በዮርክሻየር ሺፕሊ ከተማ የተሠራው ፓርኪንሰን ደግሞ ማንሻው ሲነካ ዳዶው ከዘንጉ ስለሚላቀቅ፣ እጀታው ሳይዞር መንጋጋው በእጅ ተስቦ ይከፈታል። ይህ ፍጥነት ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሆኖም ዳዶው ግማሽ ብቻ በመሆኑ ጥርሱ ሲያልቅ በጫና ጊዜ ያመልጣል።

ከአሜሪካኖቹ ዊልተን በተለይ ሊጠቀስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1941 በቺካጎ የተመሠረተው ይህ ኩባንያ ዘንጉን ጥይት በሚመስል ድቡልቡል አካል ውስጥ ስለዘጋበት አቧራና የብረት ብናኝ አይገባበትም፤ ውጭው ክፉኛ የዛገ ዊልተን ውስጡ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ዕድሜውን ለማወቅ ተንቀሳቃሹ አካል ወጥቶ ከሥሩ የተመታው ቀን ይነበባል። በመጀመሪያዎቹ ዊልተኖች ላይ ያለው ቀን ግን የአምስት ዓመቱ ዋስትና የሚያበቃበት እንጂ ሞርሳው የተሠራበት ስላልሆነ አምስት ዓመት መቀነስ ያስፈልጋል። ከዚህ ሌላ የሜሪደን ኮነቲከቱ ቻርልስ ፓርከር፣ የኤሪ ፔንሲልቬንያው ሪድ እና እ.ኤ.አ. በ1905 በስታሬት የተገዛው የማሳቹሴትሱ አቶል በአሜሪካ የሚኖር ወገን በአሮጌ ዕቃ ገበያና በቤት ዕቃ ሽያጭ ላይ ዘወትር የሚያገኛቸው ስሞች ናቸው። አዲስ አበባ ያለ ሰው በመርካቶ ምናለሽ ተራ ሲፈልግ ደግሞ ስሙ በቀለም የተሸፈነ ሞርሳ ሊገጥመው ስለሚችል፣ የቋሚውን መንጋጋ ጎንና የመቀመጫውን ሥር በሽቦ ብሩሽ ቀስ ብሎ ማጽዳት ይኖርበታል።

በመዶሻ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ከእነዚህ ከአንዱም አይግዛ። ለእርሱ የሚስማማው እስከ ወለል የሚወርድ እግር ያለው የቀጥቃጭ ሞርሳ ነው፤ እግሩ ምቱን ወደ መሬት ስለሚያስተላልፍ መንጋጋውም ጠረጴዛውም አይጎዱም። መንጋጋው እንደ ማጠፊያ ስለሚከፈት ሰፊ ዕቃ ሲይዝ ሁለቱ ፊቶች ትይዩ አይሆኑም፤ በቀጥቃጭ ሥራ ላይ ግን ይህ ጉዳት የለውም።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት

በመጀመሪያ እጀታውን ይመልከቱ። የተጣመመ እጀታ አንድ ሰው ቧንቧ አስረዝሞበት ከልክ በላይ እንዳጠበቀው ይመሰክራል፤ እንዲህ ያለው ሞርሳ ሌላ ቦታ ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል ምርመራው ይጥበቅ። ስንጥቅ በብዛት የሚገኘው ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ወደ ቋሚው አካል ከሚገባው ተንሸራታች ክንዱ ጋር በሚጋጠምበት ማዕዘን፣ ክንዱ በሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያና ብሎን በሚታሰርባቸው የመቀመጫ ጆሮዎች ላይ ነው። በብረቱ ላይ ወርቃማ መስመር ከታየ ቀድሞ በነሐስ ተበይዷል ማለት ነው።

ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ለማግኘት ነጭ ጋዝና ጠመኔ ይበቃሉ። የተጠረጠረው ቦታ ከቀለምና ከቅባት ጸድቶ ነጭ ጋዝ ይቀባል፤ ለጥቂት ደቂቃዎች ከቆየ በኋላ ተጠርጎ በደንብ ይደርቅና በደቀቀ ጠመኔ ይሸፈናል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ እየወጣ ጠመኔውን በቀጭን መስመር ያረጥበዋል። ሻጩ ይህን እንዲያደርጉ ካልፈቀደ፣ አካሉን ከጠረጴዛ ነጻ አድርገው በትንሽ መዶሻ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተሰነጠቀው ብዙውን ጊዜ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል።

ቀጥሎ የዘንጉና የዳዶው ጥርስ ይፈተሻል። መንጋጋውን ግማሽ ያህል ከፍተው እጀታውን ወዲያና ወዲህ ያዙሩና መንጋጋው ሳይንቀሳቀስ ምን ያህል ባዶውን እንደሚዞር ያስተውሉ። ጥርሱ አራት ማዕዘን በሆነ ዘንግ ላይ የአንዱ ጥርስ ውፍረት የግማሽ ዙር ጉዞ ያህል ነው፤ ስለዚህ ባዶው ዙር ሩብ ከደረሰ ከጥርሱ ግማሽ ያህሉ አልቋል፣ ወደ ግማሽ ዙር ከተጠጋ ደግሞ ዳዶው ሊያመልጥ ደርሷል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ የዘንጉ ራስ ከተንቀሳቃሹ መንጋጋ ፊት እየራቀና እየቀረበ ከሆነ ክፍተቱ ያለው በጥርሱ ሳይሆን ዘንጉን ከመንጋጋው ጋር በሚይዘው ሮንዴላና ፒን ላይ ነው፤ የዚህ ጥገና ደግሞ እጅግ ቀላልና ርካሽ ነው።

በመጨረሻ ሁለት ቀጫጭን ወረቀቶች በመንጋጋው ግራና ቀኝ ጫፍ አድርገው በቀስታ ይዝጉት። ሁለቱም እኩል መያዝ አለባቸው። ላይኛው ጠርዝ ቀድሞ ነክቶ ከሥሩ ፀጉር የምታህል ክፍተት ቢታይ ግን ጉድለት አይደለም፤ ጥሩ ሠሪዎች ሞርሳው ሲጠብቅ የሚመጣውን መዘንበል አስበው ሆን ብለው እንዲህ ያደርጉታል።

መፍታትና ዝገት ማስለቀቅ

ከመፍታትዎ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሡ። ከዚያ እጀታውን እስከ መጨረሻ ቢያዞሩ ተንቀሳቃሹ መንጋጋ ከነዘንጉ ተስቦ ይወጣል። በሬከርድና በመሰሎቹ ላይ ከመንጋጋው በስተኋላ ሞላ፣ ሮንዴላና ሁለቱን የሚይዝ ፒን አለ፤ ፒኑ ሲወጣ ዘንጉ ይለያል። የዛገ ነገር በኃይል አይፈታም፤ ሰርጎ የሚገባ ዘይት ተቀብቶ በየቀኑ እየተደገመ ለጥቂት ቀናት መቆየት ይኖርበታል። የመንጋጋ ፊቶቹን የያዙት ብሎኖች እምቢ ካሉ ልኩ የሆነ ካቻቪቴ በቦታው አስገብተው ጀርባውን በመዶሻ መታ ማድረግ ጥርሱን ያላቅቀዋል። አንዳንድ ሠሪዎች ፊቶቹን የሚያስሩት በብሎን ሳይሆን በፒን ስለሆነ፣ ከመምታትዎ በፊት ፒኑ በየት በኩል እንደሚወጣ ያረጋግጡ። እሳት መጠቀም ግዴታ ከሆነ ሙቀቱ በአንድ ነጥብ ላይ አይቆይ፤ እኩል ያልሞቀ ካስት አይረን ይሰነጠቃል።

የአሮጌ ሞርሳ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ መፈግፈግም ሆነ በእሳት ማቃጠል አደገኛ ነው፤ በቀለም ማስለቀቂያ እርጥብ ሆኖ ይነሣ፣ ጓንትም ይደረግ።

ለዝገቱ ብረቱን የማይበላው ዘዴ በኤሌክትሪክ ማስለቀቅ ነው። በፕላስቲክ ገንዳ ውስጥ ለየ4 ሊትሩ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት፣ ይሟሟል። ባለ 12 ቮልት የመኪና ባትሪ መሙያ ኔጌቲቩ ከሞርሳው፣ ፖዘቲቩ ከማያስፈልግ ተራ ብረት ጋር ይያያዛል፤ ሁለቱ ብረቶች ፈጽሞ መነካካት የለባቸውም። ለፖዘቲቩ የማይዝግ ብረት መጠቀም መርዛማ የክሮሚየም ውሕድ ስለሚያወጣ ክልክል ነው። ሥራው የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ስለሚለቅ ከቤት ውጭና ከእሳት ርቆ ይከናወናል፤ እጅ ከመግባቱ በፊትም መብራቱ ይነቀላል። በአንድ ሌሊት ዝገቱ ወደ ጥቁር ልል ነገር ስለሚቀየር በብሩሽ ይታጠባል። ሞላውን ግን እዚህ ውስጥ አያስገቡት፤ ሃይድሮጅን ጠንካራ ስቲልን ተሰባሪ ያደርገዋል። ከታጠበ በኋላ ወዲያውኑ ደርቆ ዘይት ካልተቀባ በደቂቃዎች ውስጥ እንደገና መዛግ ይጀምራል።

ያለቀውን መተካት

የመንጋጋ ፊቶች ከጠፉ ወይም ጥርሳቸው ከተበላ ከጠፍጣፋ ስቲል ቆርጦ መሥራት ይቻላል። የቀዳዳዎቹ ልክ ከአሮጌው ፊት ወይም ከመንጋጋው ላይ በወረቀት ይነሣል፤ የብሎኑ ራስ ከፊቱ ወለል በታች መስመጥ አለበት። ለስላሳ ዕቃ ለሚይዝ ሰው ጥርስ የሌለው ፊት ይሻላል፤ ከላዩ የሚደረብ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ልባስ ማዘጋጀትም ተገቢ ነው።

ዳዶው ካለቀ ሥራው የቶርኖ ባለሙያ ነው። ባለሙያው ዘንጉን ራሱን እንዲያይ ይውሰዱለት እንጂ ልክ ብቻ አይንገሩት፤ አሮጌ ዘንጎች አራት ማዕዘን ጥርስ ወይም ጎኑ ዘንበል ያለ የአክሜ ጥርስ ሊኖራቸው ይችላል፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀትም በኢንች የተሠራ ነው። ርቀቱን በትክክል ለማግኘት ብዙ ጥርሶች በአንድነት ተለክተው በቁጥራቸው ይካፈላሉ፤ ልኩም የሚወሰደው ብዙ ካልተሠራበት ከዘንጉ ጫፍ ነው። አዲሱ ዳዶ ከነሐስ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ወደፊት ሲያልቅ የሚያልቀው እርሱ እንጂ ዘንጉ አይሆንም።

ስንጥቅ ከተገኘ

በመቀመጫው ጆሮ ላይ ያለ ስንጥቅ መጠገን የሚገባው ነው፤ በተንሸራታቹ ክንድ ላይ ያለው ግን ሙሉውን የመጭመቅ ጉልበት ስለሚሸከም፣ ሞርሳው ብርቅ ካልሆነ በቀር መለዋወጫ እንዲሆን መተው ይሻላል። ለመጠገን በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ይበሳል፤ ይህ ስንጥቁ እንዳይቀጥል ያግደዋል። መስመሩ በሰያፍ ተከፍቶ ቅባቱ ሙሉ በሙሉ ከጸዳ በኋላ አካሉ በዝግታና እኩል ይሞቃል። በነሐስ መበየድ ዋናውን ብረት ስለማያቀልጠው ለካስት አይረን ይስማማል፤ በኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ የኒኬል ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል፣ ብየዳውም በአንድ ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ፣ በየመሀሉ በትንሽ መዶሻ መታ መታ እየተደረገ ይሄዳል። ተራ ኤሌክትሮድ ከስፌቱ አጠገብ እንደ መስታወት የሚሰበር ነጭ ብረት ይፈጥራል። ሥራው ሲያልቅ ሞርሳው በደረቅ አሸዋ ወይም በአመድ ተቀብሮ እስከ ማግስቱ ይቀዝቅዝ።

መገጣጠምና መትከል

ቀለም ሲቀባ ክንዱ የሚንሸራተትበት መንገድ፣ የዘንጉ ጥርስና የመንጋጋው ፊት ይሸፈኑ። የሠሪው ስምና ቁጥር በምንም ምክንያት በመፈግፈጊያ አይነካ፤ ለሰብሳቢ ከአዲስ ቀለም ይልቅ ዋጋ ያለው እርሱ ነው። ዘንጉ ስስ ግሪስ፣ መንገዱ ደግሞ ዘይት ብቻ ይበቃዋል፤ ክፍት መንገድ ላይ የተቀባ ግሪስ የብረት ብናኝ ይዞ እንደ ሞረድ ይፈገፍገዋል።

በመጨረሻ ሞርሳው ከጠረጴዛው እግር በላይ፣ የመንጋጋው አናት ከቆመው ሠራተኛ ክርን ጋር በሚተካከል ከፍታ ይተከላል። የቋሚው መንጋጋ ፊት ከጠረጴዛው ጠርዝ ጥቂት ወጣ ማለት አለበት፤ ይህ ካልሆነ ረጅም ብረት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሊያዝ አይችልም። የሚታሰረው በእንጨት ብሎን ሳይሆን ጠረጴዛውን አልፎ በሚወጣ ብሎን፣ ከሥር ሰፊ ሮንዴላ ተደርጎ ነው። አራቱም ብሎኖች በመስቀለኛ ተራ በጥቂት በጥቂቱ ይጠብቁ፤ ጠረጴዛው ወጣ ገባ ከሆነም አስቀድሞ ይስተካከል፤ አለዚያ የመቀመጫው ጆሮ ገና በመታሰር ላይ እያለ ይሰነጠቃል።