ፖታሲየም ሲያንስ ኩላሊት ለምን አሲድ ይተፋል? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትልቁ ስህተት ደሙን አይቶ በሴሉ ላይ መፍረድ ነው። የደም ፖታሲየም ከ3.5 ሚሊሞል በሊትር በታች ሲወርድ ደሙ ብዙ ጊዜ ወደ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ያጋድላል። የኩላሊት ሴልም እንደዚያው የሆነ ይመስለናል፤ ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ፖታሲየም ከሴሉ ሲወጣ ሃይድሮጂን (አሲድነትን የሚያመጣው አዮን) በምትኩ ይገባል፣ የሴሉም ውስጥ አሲዳማ ይሆናል። ኩላሊቱ ሰውነት በአሲድ የተጥለቀለቀ ይመስለዋል፤ ስለዚህ አሲድ ያስወጣል፣ አሲድን የሚያረክሰውን ባይካርቦኔት ወደ ደም ይመልሳል። እኔ ተማሪ ሳለሁ ይህችን ሳልጨብጥ ሌላውን ሁሉ ሸምድጄ ነበር።

ልውውጡ ብቻ ነው ብሎ መቆምም ስህተት ነው። ከሴሉ ውጭ ያለው ፖታሲየም ሲቀንስ የሴሉ ውስጥ ኤሌክትሪካዊ ቻርጅ ይበልጥ ኔጌቲቭ ይሆናል። በመጀመሪያው የኩላሊት ቱቦ፣ በደም በኩል ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከአንድ ሶዲየም ጋር ከአንድ በላይ ባይካርቦኔት ይዞ የሚወጣ አጓጓዥ አለ። ባይካርቦኔት ራሱ ኔጌቲቭ ስለሆነ ይገፈተራል፤ ወደ ደም ይፈሳል። ሴሉም ባይካርቦኔቱን ባጣ ቁጥር ይበልጥ አሲዳማ ይሆናል። በሽንት በኩል ደግሞ ሶዲየም አስገብቶ ሃይድሮጂን የሚያስወጣው አጓጓዥ ሥራው ይጨምራል።

ሁሉን በአልዶስቴሮን (ኩላሊት ፖታሲየምና አሲድ እንዲያስወጣ በሚያዘው ሆርሞን) ማሳበብም አለ። የፖታሲየም ማነስ በራሱ አልዶስቴሮንን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በመጨረሻው ቱቦ ያለው ፓምፕ ፖታሲየም ለማትረፍ ሲል ሃይድሮጂን ይሰጣል፤ ዋጋውን በአሲድ ይከፍላል ማለት ነው።

የሽንት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ከፍ ሲል አሲድነቱ ያነሰ ነው) ከ5.5 በላይ ስለሆነ ብቻ «ኩላሊቱ አሲድ ማስወጣት አቅቶታል» ማለት ብዙዎችን አሳስቷል። ለረጅም ጊዜ ተቅማጥ የያዘውን ሰው አስቡት፦ ደሙ አሲዳማ፣ ፖታሲየሙ ዝቅተኛ፣ የሽንቱ ፒኤች 6። የኩላሊት ቱቦ በሽታ ይመስላል። ነገር ግን ፖታሲየም ሲያንስ ኩላሊቱ ግሉታሚን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ብዙ አሞኒያ ያመርታል፤ አሞኒያው ሃይድሮጂኑን ይይዘውና ፒኤቹ ከፍ ይላል። ሽንቱ ግን አሲድ ተሸክሟል፤ መታየት ያለበት የአሞኒየም (ሃይድሮጂን የያዘው አሞኒያ) መጠኑ ነው።

ይኸው ሰው «ፖታሲየም ካነሰ ደሙ የግድ አልካላይን ነው» የሚለውንም ያፈርሳል።

በሕክምናው በኩል፣ አሲዳማ ደምና በጣም ያነሰ ፖታሲየም አብረው ሲመጡ ባይካርቦኔት ማስቀደም አደገኛ ነው፤ ፖታሲየሙን ወደ ሴል አስገብቶ የደሙን መጠን የባሰ ያወርደዋል። ደሙ አልካላይን ከሆነ ደግሞ የሚመረጠው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው፤ የጎደለው ክሎራይድ ካልተተካ ኩላሊቱ ባይካርቦኔቱን አይለቅም።

ጉበቱ በጠና የተጎዳ ሰው ድንገት ግራ ሲጋባም ፖታሲየሙ ይታይ። ኩላሊቱ ካመረተው አሞኒያ ከፊሉ ወደ ደም ይመለሳል፣ ያንን የሚያጸዳው ጉበት ደግሞ ደክሟል፤ የተጠራቀመው አሞኒያ አንጎልን ያውካል።