የሞተር ሳይክል ዘይት አለካክ
የሞተር ሳይክልዎን ዘይት ሲለኩ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አስነስተው ካጠፉት በኋላ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይጠብቁ፤ በጎን መቆሚያው ያዘነበለ ሞተር የተሳሳተ ልክ ስለሚያሳይም ደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ አድርገው ያቁሙት። መለኪያ ዘንጉ በጨርቅ ተጠርጎ ሲመለስ በብዙ ሞዴሎች ላይ ጥርሱ ሳይጠብቅ እንዲሁ ያርፋል፤ የዘይቱ ልክም በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታልና ሳይነዱ መካኒክ ያሳዩት። ሲቀይሩም ለሞተር ሳይክል የተዘጋጀውን ይግዙ፤ ፍሪሲዮኑ በዚያው ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ነዳጅ ቆጣቢ የሚባለው የመኪና ዘይት ሊያንሸራትተው ይችላል።