የላፕቶፕ ማይክ እምቢ ሲል መርፌ አታንሱ

ባለፈው ሰኔ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የምትኖር የጎረቤቴ ልጅ ለስኮላርሺፕ በዙም ቃለ መጠይቅ ነበራት። ቀጠሮው ከቀኑ 9 ሰዓት። 8 ሰዓት ተኩል ላይ እናቷ በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ ድረስልኝ! ላፕቶፑ ድምጿን አልቀበልም አለ» አሉኝ። «መጣሁ እትዬ» ብዬ ተከተልኳቸው። በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ ላይ የተከፈተ ጥገና ቤት ማግኘት ከባድ ነው። ፀሐዩ እስኪበርድ ብዙው ዘግቶ ያርፋል።

ስገባ ወንድሟ የስፌት መርፌ ይዞ ካሜራው አጠገብ ያለችውን ቀዳዳ ይጎረጉራል። «አቧራ ነው የዘጋው አቦ» አለኝ።

ኪቦርዱን አየሁት። ከላይኛው ረድፍ፣ የማይክ ምልክት ያለባት ቁልፍ ላይ ትንሽ ብርቱካናማ መብራት በርታለች። ማይኩ በቁልፍ ተዘግቶ ነበር፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ተጫንኳት፣ መብራቷ ጠፋች። «እስቲ ተናገሪ» አልኳት። ድምፅ የለም። መርፌው ቀድሞን ነበር።

የስልኳን ኢርፎን ላፕቶፑ ላይ ሰክታ ቃለ መጠይቋን በሰዓቱ አደረገች። ማይኩ ግን እስከ ዛሬ አይሠራም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ ስላየሁ ነው ይህን የምጽፈው።

እንግዲህ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይኸው ነው፤ ቀዳዳውን መነካካት። ከቀዳዳዋ ጀርባ ያለው ማይክ ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ቆርቆሮ ነገር ነው። ውስጡ ከፀጉር በብዙ እጥፍ የሳሳች ስስ ሽፋን አለች። ድምፅ ሲመታት ትርገበገባለች፤ እርግብግብታዋ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀየራል። መርፌ ሲነካት ትቀደዳለች። ከተቀደደች አትጠገንም፤ ማይኩን መቀየር ብቻ ነው።

ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋትም ያው ነው። የድሬ አቧራ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ደቻቱ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ጠረጴዛውን ጠዋት ጠርጎ ከሰዓት ጣቱን ቢያሳርፍበት አሻራው ይታያል። ጎማ የሚነፋ አየር ግን ያቺን ስስ ሽፋን አይምራትም። አልኮል ማንጠባጠብም አይሆንም። ማጽዳት ካለባችሁ ላፕቶፑን አጥፉ፣ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ያዙ፣ ላይ ላዩን ብቻ ጥረጉ። ደግሞ ብዙ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ማይክ ስላለ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን በአቧራ ተዘግተው ድምፅ ድርግም ብሎ ይጠፋል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ትናንት ሲሠራ የነበረ ማይክ ዛሬ ከጠፋ መጀመሪያ ሴቲንጉን ጠርጥሩ።

ቁልፏን አለማየት ሁለተኛው ነው። ሁሉም ላፕቶፕ ላይ የለችም፤ ካለች ግን ከላይኛው ረድፍ ላይ የተሰረዘ ማይክ ተስሎባት ታገኟታላችሁ። አንዳንዱ ላይ ኤፍኤን (Fn) ከምትለው ቁልፍ ጋር አብራችሁ መጫን አለባችሁ። ሕፃናት ያሉበት ቤት ከሆነ ከዚህ ጀምሩ።

ቀጥሎ ያለው ስህተት ጊዜ የሚያባክን ነው። ሰው ዙም ላይ ድምፁ አልሰማ ሲል ዙምን ያጠፋዋል፣ እንደገና ይጭነዋል፣ ቴሌግራም ላይ ደውሎ ይሞክራል፣ ጂቡቲ ያለችው እህቱ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለች ካርዱ ያልቃል። መጀመሪያ ከላፕቶፑ ጋር የመጣውን የድምፅ መቅጃ ክፈቱ። ዊንዶውስ 11 ላይ ሳውንድ ሪኮርደር ይባላል፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ቮይስ ሪኮርደር። አምስት ሰከንድ ተናገሩና መልሳችሁ ስሙት። ድምፃችሁ ከተሰማ ማይኩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ያለው አፑ ጋ ነው። ይህቺ ትንሽ ሙከራ ግማሹን ግራ መጋባት ትቆርጣለች።

ካልተሰማ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሲስተም፣ ከዚያ ሳውንድ በሉ። ኢንፑት የሚለው ሥር የተመረጠው ማይክ የቱ ነው? የላፕቶፑ ራሱ ብዙ ጊዜ ማይክሮፎን አሬይ ተብሎ ይጻፋል። እዚህ ቦታ ላይ ብሉቱዝ ኢርፎን ተመርጦ ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው። ኢርፎኑ አልጋ ላይ ትራስ ሥር ተኝቷል፣ አልጠፋም፣ ከላፕቶፑ ጋር እንደተገናኘ ነው። ሰውየው ላፕቶፑ ላይ ይጮኻል፣ ላፕቶፑ ትራሱን ያዳምጣል። የድምፅ መጠኑም ዜሮ ላይ እንዳልሆነ እዩ። ስትናገሩ መስመሩ ከፍ ዝቅ ካለ ማይኩ እየሰማችሁ ነው።

ፈቃድ መዘንጋትም አለ። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ማይክሮፎን። ዊንዶውስ 10 ላይ ፕራይቬሲ ብቻ ይላል። ብዙ ሰው ከላይ ያለውን ማብሪያ ያበራና ይወጣል። ወደ ታች ውረዱ፤ ለዴስክቶፕ አፖች የሚፈቅድ ሌላ ማብሪያ አለ። ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ዙም በዚያኛው ነው የሚያልፈው። በክሮም ጉግል ሚት የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከድረ ገጹ አድራሻ በስተግራ ያለችውን ምልክት ንኩ። አንድ ቀን ተቻኩላችሁ «አትፍቀድ» ብላችሁ ይሆናል፤ ክሮም አይረሳም።

የኛ አገር ሰው ብቻ የሚሠራው የሚመስለኝ ስህተት ደግሞ አለ። ቬንቲሌተር ሥር ተቀምጦ መሞከር። በዚህ ሙቀት ቬንቲሌተር አጥፉ ማለት ጭካኔ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ነፋሱ የማይኩን ቀዳዳ ሲመታው በወዲያኛው ጫፍ የሚሰማው ጉርርር የሚል ነገር ብቻ ነው። ዙም ደግሞ ያንን ጫጫታ ሊያፍን ሲል ድምፃችሁንም እየቆራረጠ ይበላዋል። «ማይኩ ተበላሽቷል» ብለው ላፕቶፕ ይዘውልኝ መጥተው፣ እኔ ጋ ሲከፈት ጥርት ብሎ የሠራ ብዙ ነው። ቬንቲሌተሩን ለሁለት ደቂቃ አጥፍታችሁ ሞክሩ፤ ወይም ላፕቶፑን ነፋሱ ከማይመታው ጎን አዙሩት።

ስለ ፎርማት ረዘም አድርጌ ልናገር። ላፕቶፕ ምንም ሲሆን «ፎርማት ይደረግ» የሚባልበት ዘመን ላይ ነን። ለማይክ ፎርማት ማድረግ ብዙ ጊዜ ችግሩን ያባብሰዋል። ማይኩ እንዲሠራ የድምፅ ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስን ከድምፅ ዕቃው ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ በትክክል መጫን አለበት። አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖ ድራይቨሩ ሳይሟላ ሲቀር ስፒከሩ ይሠራል፣ ማይኩ ግን ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ አይታይም። ሰው ስፒከሩ ስለሠራ ድራይቨሩ የተሟላ ይመስለዋል። ፎቶውና ሰነዱም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ከዚያ በፊት የላፕቶፑ ዕቃዎች የሚዘረዘሩበትን ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱ። ኦዲዮ ኢንፑትስ ኤንድ አውትፑትስ ከሚለው ክፍል ማይኩን ፈልጋችሁ አንኢንስቶል በሉትና ላፕቶፑን ሪስታርት አድርጉ። ሲነሳ ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ይጭነዋል። ካልሆነ ከላፕቶፑ ሆድ ሥር የተጻፈውን የሞዴል ስም አንብቡና ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱ። «ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ እናድሳለን» የሚሉ ፕሮግራሞችን አትጫኑ። ብዙዎቹ ሌላ ጣጣ ይዘው ነው የሚመጡት።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ዝም ካለ ያኔ ዕቃው ነው። እዚህም ላይ ሳትመረምሩ ማይክ ለመግዛት አትሩጡ። ስክሪኑን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያንቀሳቀሳችሁ ተናገሩ። ማይኩ ከስክሪኑ በላይ ከሆነ ሽቦው በማጠፊያው በኩል ነው የሚያልፈው። አንዴ እየሠራ አንዴ እየጠፋ ከሆነ፣ ካሜራውም አብሮ የሚያስቸግር ከሆነ፣ የተጎዳው ሽቦው ሊሆን ይችላል። ለጠጋኙ ይህንኑ ንገሩት። ስክሪን መፍታት ጥንቃቄ የሚፈልግ ሥራ ስለሆነ ቤት ውስጥ በቢላ አትሞክሩት።

ለማስጠገን አቅም ከሌላችሁ ኢርፎን በቂ ነው። እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ከሚባለው ገበያ ስትገዙ ግን መሰኪያውን በጣታችሁ ያዙና ጫፉን ተመልከቱ። ብረቱን የሚከፋፍሉ ቀጫጭን ቀለበቶች አሉት። ሦስት ከሆኑ ማይክ አለው። ሁለት ከሆኑ ማዳመጫ ብቻ ነው፤ ሻጩ ምንም ቢላችሁ ቀለበቱን ቁጠሩ።