ሲዲ ወደ ፍላክ ስትገለብጡ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ምልክት፦ መገልበጡ በሰላም አለቀ፤ ፋይሉ ሲደመጥ ግን መሃል ላይ «ጠቅ» ይላል ወይም ድምፁ ለቅጽበት ይታፈናል

እኔ ጋ ከሚመጣው አቤቱታ አብዛኛው ይሄ ነው። ሰው መጀመሪያ ስፒከሩን ይጠረጥራል፣ ቀጥሎ ፍላክን፣ ማለትም ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ የሚያስቀምጠውን የፋይል ዓይነት። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ችግሩ ሲዲው ከኮምፒውተሩ ጋር በመጣው ማጫወቻ፣ ያለ ምንም ማጣሪያ፣ በፍጥነት መገልበጡ ነው።

ምክንያቱን ልብ በሉ። የዳታ ሲዲ ላይ ከእያንዳንዱ 2352 ባይት ሴክተር (የዲስኩ ትንሽ ክፋይ) 2048ቱ ብቻ ነው የእናንተ ፋይል፤ ከቀረው አብዛኛው የስህተት መፈተሻና ማረሚያ ነው። የሙዚቃ ሲዲ ግን 2352ቱንም ለድምፅ ያውለዋል። እርግጥ እሱም የራሱ መሠረታዊ ማረሚያ አለው፤ ጭረቱ ከዚያ አቅም በላይ ሲሆን ግን ድራይቩ የጎደለውን ከፊትና ከኋላ ካለው ድምፅ ገምቶ ይሞላና ያስረክባል። ማጫወቻውም የተቀበለውን ይጽፋል። ስህተት መኖሩን የሚነግራችሁ የለም።

አንዲት እህት የአባቷ ሲዲዎች የተገለበጡበትን ሃርድ ዲስክ አመጣችልኝ። የወንድሟ ልጅ ሁሉንም በአንድ ቅዳሜ ነው የጨረሳቸው። አንዱ ዘፈን ላይ፣ ገና መሰንቆው ሲጀምር፣ ሦስት ጊዜ ጠቅ ይላል። «ሲዲው የታለ?» አልኳት። «ከተገለበጠ ምን ይሠራል ብለን ጣልነው።» ያን መሰንቆ ከዚያ ፋይል አጽድቶ የሚመልስ ሶፍትዌር የለም። እባካችሁ፣ ከገለበጣችሁም በኋላ ሲዲውን አትጣሉ!

መፍትሄ፦ ሶፍትዌር ስትመርጡ መጀመሪያ የምታዩት ማንበብ ሲያቅተው የሚናገር መሆኑን ነው። መልኩና ፍጥነቱ በኋላ ይደርሳል። ለዊንዶውስ ኤክዛክት ኦዲዮ ኮፒ አለ፣ ነጻ ነው። ቅንብሩ ካስቸገራችሁና መክፈል ከቻላችሁ ዲቢፓወርአምፕ ይቀላል። ለማክ ኤክስኤልዲ፣ ለሊኑክስ ዊፐር። ሁሉም ያገኙትን ስህተት በሎግ፣ ማለትም የሥራውን ውሎ በሚመዘግብ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣሉ። ሎጉን ከዘፈኖቹ ጋር በአንድ ፎልደር አኑሩት።

በኤክዛክት ኦዲዮ ኮፒ ሴኪዩር ሞድ ምረጡ። እያንዳንዱን ሴክተር ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያነባል፤ ካልተስማሙለት እስከ 82 ጊዜ ይመላለሳል። የተቧጨረ ሲዲ ላይ አንድ ዘፈን ብዙ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፤ ተዉት ይሥራ። ቸኩሎ ወደ በርስት ሞድ፣ ማለትም አንዴ ብቻ አንብቦ ወደሚያልፈው፣ የሚቀይር ሰው ስህተቱን መልሶ እየደበቀ ነው። የድራይቩን የካሽ ምርመራም አትዝለሉ፤ ካሽ ያለው ድራይቭ ሁለተኛውን ንባብ ከዲስኩ ሳይሆን ከራሱ ሚሞሪ ሊሰጥ ይችላል፣ ያኔ ማነጻጸሩ ከንቱ ነው።

«አክዩሬትሪፕ ላይ አልተገኘም» የሚለው ብዙ ሰው ያስደነግጣል። አክዩሬትሪፕ የእናንተን ቅጂ ሌሎች ከገለበጡት ጋር የሚያመሳክር መዝገብ ነው። የእኛ አገር ሲዲዎች ብዙዎቹ እዚያ የሉም፤ ስላልተገኘ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ቴስት ኤንድ ኮፒ የሚለውን ተጠቀሙ፤ ዘፈኑን ሁለት ጊዜ አንብቦ የሁለቱን ሲአርሲ ቁጥር (ከተነበበው ዳታ ተሰልቶ የሚወጣ መለያ) ጎን ለጎን ያሳያል። ቁጥሮቹ አንድ ከሆኑ ቀጥሉ። ከተለያዩ ሲዲውን አጽዱና ድገሙት፤ አሁንም እምቢ ካለ በሌላ ድራይቭ ሞክሩ። በአንዱ ድራይቭ አልነበብ ያለ ሲዲ በሌላው ሲነበብ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ስታጸዱ በመነጽር ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጋችሁ ጥረጉ። ዙሪያውን አትሹት፤ ዙሪያውን የሚሄድ ጭረት የድምፁን መስመር ተከትሎ ብዙ ዳታ በአንዴ ያጠፋል፣ የሚያቋርጠው ግን ከየዙሩ ጥቂት ብቻ ይነካል። የጥርስ ሳሙና የሚባለውን እርሱት። ከሁሉ የሚብሰው ጽሑፉ ያለበት ጎን ሲጫር ነው፤ ድምፁን የያዘው ንጣፍ ከስስ ቀለም ሥር ነው ያለው። ሲዲውን ወደ መብራት ያዙት፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ ብርሃን ካሳለፈ እዚያ ላይ የነበረው ድምፅ የለም። በርን በተደረገ ሲዲ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካለ አትላጡት! ንጣፉን ይዞት ይነሳል።

ምልክት፦ ፋይሉ ትልቅ ነው፣ ድምፁ ግን የደነዘዘ ነው

ሲዲው ራሱ ከኤምፒ3 ተሠርቷል። መንገድ ላይ የሚሸጡት ቅጂዎች በዚህ የታወቁ ናቸው፣ ሽፋኑ አምሮ ውስጡ ባዶ ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለውን ድምፅ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ በምስል በሚያሳየው፣ ስፔክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ክፈቱት፦ ሲዲ እስከ 22 ኪሎኸርዝ ገደማ ይይዛል፤ ምስሉ 16 አካባቢ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ካበቃ ምንጩ ዝቅተኛ ጥራት ያለው ኤምፒ3 ነው። ከድሮ ካሴት የተገለበጠ ሥራ ግን ከላይ ቀስ እያለ ነው የሚሳሳው፣ እሱን ከዚህ ጋር አታምታቱ። መፍትሄው ዋናውን ሲዲ መፈለግ ብቻ ነው።

ምልክት፦ ድራይቩ መሃል ላይ ይጠፋል

ዩኤስቢው ኃይል አጥሮታል። ከሃብ ነቅላችሁ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት።

ምልክት፦ የአይፎን ሙዚቃ ማጫወቻ ፋይሉን አይቀበልም

ወደ አላክ፣ ማለትም እንደ ፍላክ ድምፅ ወደማይቀንሰው የአፕል የፋይል ዓይነት ቀይሩት። ከፍላክ ወደ አላክ ሲሄድ ከድምፁ የሚቀነስ ነገር የለም። የፍላክ የመጭመቂያ ደረጃ 0ም ሆነ 8 ድምፁ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የፋይሉ መጠንና የሚፈጀው ጊዜ ነው።

ምልክት፦ ስሞቹ «ትራክ 01» ብቻ ናቸው፣ ወይም አንዱ ዘፋኝ ስልክ ላይ ሁለት ሆኗል

የሙዚቃ ሲዲ አብዛኛውን ጊዜ ስም አይዝም። ሶፍትዌሩ የዘፈኖቹን ርዝመት ይዞ ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋል፤ ብዙዎች የለመዱት ፍሪዲቢ ደግሞ በ2020 ተዘግቷል። ሚውዚክብሬንዝን ሞክሩ፤ ከሌለ ከሽፋኑ እያያችሁ በፊደላችን ጻፉት፣ ፍላክ ይቀበላል። ሁለት የሚሆነው ፊደላችሁ ስለተለያየ ነው። አንድ ሲዲ ላይ «ጥላሁን ገሠሠ»፣ ሌላው ላይ «ጥላሁን ገሰሰ» ካላችሁ ለማጫወቻው ሁለት ሰው ናቸው። አንዱን ምረጡና ኤምፒ3ታግ በሚባለው የዘፈን ፋይል ስም ማረሚያ ፕሮግራም የዘፋኙን ፋይሎች በሙሉ ይዛችሁ ስሙን በአንዴ ቀይሩት።